በቀብር ቀን ስለሚነበበው የእናቶች የሕይወት ታሪክ

ስለ ድርሰት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመረምሩት ታትሞና ተጠርዞ በመደብር የሚሸጠውን መጽሐፍ ነው። ዳሩ ግን በወለጋ አገር፣ በነቀምቴና በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ፣ ከመጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ቆሞ የሚሰማው አንድ ዐይነት ጽሕፈት አለ፤ ይኸውም በቀብር ቀን የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ርዝመቱ ከአንዲት ቅጠል ወረቀት አይበልጥም፤ ነገር ግን ዘመድና ጎረቤት፣ ዕድርተኛና ምእመን ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በጸጥታ ያዳምጠዋል። ይህን ያህል ሰሚ ያለው ድርሰት መርማሪ ሊያጣ አይገባውም።

በዚህ ጽሕፈት ልንመረምር ያሰብነው ከዚህ ወገን አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ዕድሜዋን በእርሻ ቤት አሳልፋ፣ ባሏን ረድታ፣ ልጆቿን አሳድጋ፣ የልጅ ልጆቿን አቅፋ ያረፈች የገበሬ ሚስት በተቀበረች ቀን የሚነበብላት ታሪክ ነው። ይህ ጽሕፈት ሴቲቱን ሊያከብር ተነሥቶ ብዙ ጊዜ ይሰውራታል። የሚሰውራትም ክፉ ቃል ተናግሮባት አይደለም፤ ሥራዋን ሳይናገር ስለሚያመሰግናት ነው እንጂ።

የአጻጻፉ ሥርዓት ለሁሉ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የተወለደችበት ቀበሌና የአባትና የእናቷ ስም ይነገራል። ቀጥሎ የጋብቻዋ ነገር ይመጣል፤ ይህን ያህል ወንዶችና ይህን ያህል ሴቶች ልጆች ወልዳ፣ ይህን ያህል የልጅ ልጆች እንዳየች ይቈጠራል። ከዚያም አምስት ወይም ስድስት የምግባር ቃላት ይሰለፋሉ፤ እነርሱም ትሑት፣ ታጋሽ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለድኻ አዛኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ፣ ከጎረቤት ጋራ በሰላም ነዋሪ የሚሉ ናቸው። በመጨረሻ የሕመሟ ነገር፣ ያረፈችበት ቀንና ሰዓት፣ ለቀብሩ ለመጣውም ሰው የሚቀርብ ምስጋና ይነበባል። ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ታጥፎ ከኪስ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ አይወጣም።

አንድ ድርሰት ስለ አንድ ሰው በእውነት የተጻፈ እንደ ሆነ ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ስሙን አውጥተን በስፍራው የሌላውን ስም ብናገባ፣ ነገሩ ሳይናጋ እንደ ቀድሞው የሚሄድ ከሆነ፣ ድርሰቱ ስለ ማንም አልተጻፈም ማለት ነው። በዚህ መፈተኛ ቢመዘኑ፣ በየመቃብሩ ላይ ከምንሰማቸው ታሪኮች አብዛኞቹ አይቆሙም። ትሑትና ታጋሽ የተባለችው የነጆዪቱ ሴት ለሻምቡዪቱ ትሆናለች፤ የሻምቡዪቱም ለደምቢ ዶሎዪቱ። በእግዚአብሔር ፊት ግን ሁለት አንድ ዐይነት ሴቶች አልተፈጠሩም።

ይህ የሆነው ጸሓፊው ፍቅር ጐድሎት አይደለም። ጸሓፊው ብዙ ጊዜ በከተማ ተምሮ የተቀመጠ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። መርዶ ደርሶት ሌሊቱን ተጕዞ ይመጣል፤ ዕንባው ሳይደርቅ፣ ድንኳኑ እየተተከለ ሳለ፣ አንተ የተማርህ ነህና ጻፍ ይባላል። በዚያች በጠበበች ሰዓት ወደ ብዕሩ የሚመጣለት በሌላ ቀብር የሰማው ቃል ነው። በቀን መቍጠሪያና በምስክር ወረቀት የተመዘገበውን ነገር ያውቃል፤ እናቱ ሌሊት ተነሥታ የምትሠራውን ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስላየው፣ እንደ ፀሐይ መውጣት የተለመደ ነገር መስሎት ሊጽፈው አያስብም። ስለዚህ የእናቲቱ ታሪክ ሳይታወቅ የልጆቿ ታሪክ ይሆናል። የበኵሩ ሹመት፣ የተከታዩ ዲግሪ፣ ባሕር ማዶ የተሻገረችውም ልጅ የምትኖርበት ከተማ በዝርዝር ይነገራል፤ እነዚህን ሁሉ ያስተማረው ቅቤ በየትኛው ገበያ እንደ ተሸጠ ግን የሚናገር የለም።

ነገሩን ወደ ኋላ ብንመረምረው፣ ጸሓፊው አርኣያ የሚሆነው ድርሰት በብዛት እንዳላገኘ እንረዳለን። የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን ስለ ሴቶች መጻፍን አልናቁም። በ1672 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በገላውዴዎስ የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፣ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከተጻፉት መጻሕፍት እጅግ የታወቀው ነው። ወለተ ጴጥሮስ ባል አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራም የባልና የልጆች እናት ነበረች። ይሁን እንጂ በሁለቱም ገድሎች ትዳር እንደ ደጀ ሰላም ነው፤ ታሪኩ የሚሰፋውና የሚደምቀው ሴቲቱ ቤቷን ትታ ወደ ገዳም ከወጣች በኋላ ነው። ገድል ዓላማው ስለ ሆነ በዚህ አይነቀፍም። ለእኛ ግን አንድ ጥያቄ ትቶልናል፤ ቤቷን ትታ የወጣችው መጽሐፍ ካገኘች፣ በቤቷ የቀረችውን፣ ምንኵስናዋ ማጀት፣ ጸሎቷም በወፍጮ ላይ የሆነውን ማን ይጻፍላት?

በአማርኛ ማተሚያ ቤት ከተስፋፋ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ የተባለውን መጽሐፍ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ብለው ባሳተሙ ጊዜ ታላቅ ነገር ሠርተዋል፤ ዳሩ ግን በዚያ የተሰበሰቡት አብዛኞቹ በሹመት፣ በጦርና በትምህርት ስማቸው የተጠራ ሰዎች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር መጀመሪያ ላይ የማንኵሳ ገበሬ ሚስት የሆነችውን ውድነሽ በጣሙን በፍቅር ሥለዋታል፤ ልጇን በዛብህን ለእግዚአብሔር የተሳለች እናት ናት። ነገር ግን ታሪኩ ሲያድግ ከማንኵሳ ጎጆ ወጥቶ ወደ ባላባቱ ግቢ ይሄዳል፤ ውድነሽም በልጇ ትዝታ ውስጥ ትቀራለች። ከድርሰቶቻችን በምርጡም እንኳ የገበሬዪቱ እናት ድርሻ የሌላውን ሰው ታሪክ መውለድ ሆኗል።

እንግዲህ አርኣያ ከወዴት እናገኛለን ቢሉ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐዋርያት ሥራ በዘጠነኛው ምዕራፍ፣ በኢዮጴ ያረፈችው ጣቢታ፣ ማለት ዶርቃ፣ የተለቀሰላትን ልቅሶ እናነባለን። ሐዋርያው ጴጥሮስ ተጠርቶ ወደ ሰገነቱ በወጣ ጊዜ፣ መበለቶች ከበውት እያለቀሱ ያደረጉት ነገር ምንድር ነው? ስለ ትሕትናዋና ስለ ደግነቷ ንግግር አላሰሙትም፤ ከእነርሱ ጋራ በነበረች ጊዜ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት እንጂ። በዓለም ላይ ከተደረጉት የቀብር ንግግሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም። አንድም የምግባር ቃል ሳይነገር፣ ሴቲቱ ምን እንደ ነበረች ሁሉ ተነግሯል። ልብሱን ያየ ሰው፣ ስፌቱ የማን እጅ እንደ ሆነ፣ ለማንስ እንደ ተሰፋ፣ የለበሰችው መበለት ያለ እርሷ በብርድ ትቀመጥ እንደ ነበር ወዲያው ያስተውላል።

ሁለተኛው አርኣያ በመጽሐፈ ምሳሌ በሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ ያለው ስለ ልባም ሴት የተነገረው ግጥም ነው። ይህ ምዕራፍ በየሰርጉና በየቀብሩ ይነበባል፤ አሠራሩን አስተውሎ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። መጀመሪያ፣ ምዕራፉ የሚከፈተው የንጉሥ ልሙኤል እናት ለልጇ ባስተማረችው ቃል ነው፤ ስለዚህ የሴቲቱ ምስጋና ከእናት ምክር ጋራ ተያይዞ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛ፣ ግጥሙ በዕብራይስጥ በሃያ ሁለቱ ፊደላት ተራ የተሠራ ነው፤ ይህም እኛ ከሀ እስከ ፐ እንደምንለው ያለ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ባለቅኔው ሴቲቱ ገና ሳይነጋ መነሣቷን፣ ለቤተ ሰቦቿ ምግብ ማዘጋጀቷን፣ እርሻ ተመልክታ መግዛቷን፣ በእጇ ፍሬ ወይን መትከሏን፣ እንዝርት መያዟን፣ ለችግረኛ እጇን መዘርጋቷን፣ የሠራችውንም ልብስ ለነጋዴ መሸጧን አንድ በአንድ ይቈጥራል። የልጆቿ ምርቃትና የባሏ ምስጋና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በግጥሙ መጨረሻ ነው። ሥራው አስቀድሞ ስለ ተነገረ ምስጋናው ይታመናል። በእኛ ወረቀት ግን ምስጋናው ይቀድማል፤ ሥራው ይዘገያል፤ ከዘገየም በኋላ ሳይመጣ ይቀራል።

ወደ ወለጋ እንመለስና፣ ሥራው ቢጻፍ ምን ይጻፍ እንደ ነበር እናስብ። በኦሮምኛ ሚስት ሃዸ መና ትባላለች፤ ትርጓሜውም የቤት እናት ማለት ነው። በግእዝም እመ ቤት ያልነው ይኸው ነው፤ እመቤት የምንለው የክብር ቃል ከዚህ የወጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይማከሩ አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ቤቱን የምትወልደው እርሷ ናት። ባል በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ከእርሻው በኋላ ግን አረሙ፣ ከአጨዳው በኋላ ጎተራው፣ ከጎተራው በኋላ ወፍጮው የእርሷ ነው። በቆሎው እሸት በሆነ ጊዜ ከጦጣና ከከርከሮ መጠበቅ አለ። ጤፉና ዳጉሳው፣ ማሽላውና ኑጉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ለከርሞ ዘር የሚሆነውንና ለዓመት ቀለብ የሚሆነውን ለይታ የምታስቀምጠው እርሷ ናት። በዚህ መለየት ላይ የተሳሳተች እንደ ሆነ ቤቱ በሐምሌ ይራባል፤ ይህም ከአንድ ሹም ፍርድ የማያንስ ፍርድ ነው። ላም አልባ፣ ወተት ንጣ፣ ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ ወደ ገበያ ትወርዳለች፤ በዚያም ገንዘብ ጨውና ደብተር ይገዛል።

ከሁሉ ይልቅ ስለ አንጮቴ ሊነገር ይገባል። ይህ ከመሬት በታች የሚያፈራ ሥራ ሥር የወለጋ ሰው የሚኰራበት ምግብ ነው፤ በመስቀል በዓል ይቀርባል፤ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስም ይሰጣል። ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ከዚያ ተልጦ ይደቈስና በቅቤ ይታሻል። የሚተከለው ብዙ ጊዜ በጓሮ ነው፤ ዘሩን የሚጠብቁትም በብዛት ሴቶች ናቸው። ለዘር የሚሆነው ተክል ከመሬት ሳይነቀል ይቆያል፤ ፍሬው ሲበስል ይለቀማል፤ ዘሩም ታጥቦ ደርቆ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቀመጣል። አንዲት አያት ይህን ዘር ከእናቷ ተቀብላ ለምራቷ ካስረከበች፣ የዘር ሐረግን ያህል ነገር አስተላልፋለች። ነገር ግን የአባቷ አያት ስም በተነበበበት ወረቀት ላይ ያ ዘር ሲነሣ አይሰማም።

ስለ እርሻዋም ዘመን እንዲሁ ነው። ሰማንያ ዓመት የኖረች ገበሬ፣ ባሏ የሰው ጭሰኛ በነበረበት ዘመን ከምርቱ ለባለመሬቱ ሲሰፈር አይታለች፤ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ሰምታለች፤ በኦሮሚያ በ1999 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሠረትም የጋራው መሬት ማስረጃ በባልና በሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ ሲደረግ ደርሳለች። የመጽሐፈ ምሳሌዋ ሴት እርሻ ተመልክታ መግዛቷ በግጥም ከተነገረላት፣ ስድሳ ዓመት ያረመችው መሬት በእርጅናዋ በስሟም የተጻፈላት ሴት ያ ቀን በታሪኳ ውስጥ ሊዘለልባት አይገባም። ስሟ በደብተር ላይ ሲነበብ ምን አለች? ዝም አለች? ሣቀች? ይህን የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ ግን አይጽፉትም።

ሌላው ነገር የቋንቋው ነው። ለብዙ ዘመን በወለጋ የምትኖር የገበሬ እናት በኦሮምኛ ተወልዳ፣ በኦሮምኛ ዘፍና፣ በኦሮምኛ ጸልያ ስታበቃ፣ በቀብሯ ቀን ታሪኳ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይነበብ ነበር። አማርኛ የሰፊ አገር ቋንቋ ስለ ሆነና ጸሓፊውም የተማረበት ስለ ነበረ ነገሩ ይገባናል። ዳሩ ግን ብትነሣ የራሷን ምስጋና የማትሰማ ሴት ከማየት ይልቅ የሚያሳዝን ምን አለ? ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ስለ ተጻፈ ይህ ነገር ብዙ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ቋንቋው ሲለወጥ ልማዱ አብሮ አልተለወጠም። ትሑትና ታጋሽ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ተተርጕሞ እንደ ቀድሞው ይነበባል።

በዚህ ነገር ነቀምቴ ራሷ ታላቅ ትምህርት አላት። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከባርነት ነፃ ወጥቶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመና በ1899 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በስዊስ አገር ያሳተመ ሰው ነው፤ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ አስተምሯል፤ በ1931ም እዚያው ዐረፈ። ስሙን የማያውቅ የለም። ከእርሱ ጋራ የሠራችው አስቴር ጋኖ ግን ሊገባት የሚገባውን ያህል አልተነገረላትም። አስቴር በልጅነቷ ከአገሯ ተወስዳ ወደ ባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትል በ1886 ነፃ ወጣች፤ በምጽዋ አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤትም ተማረች። በዚያም ሳለች ወደ 500 የሚያህሉ የኦሮምኛ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጽፋ ሰበሰበች፤ ብዙዎቹም በ1894 በታተመው የንባብ መጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ለትርጕሙም ሥራ የሚረዳ የቃላት መዝገብ አዘጋጀች። በኋላም ወደ ወለጋ መጥታ አስተማሪ ሆነች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር አስተውል። ያች ልጅ እነዚያን ተረቶችና ዘፈኖች ከየት አገኘቻቸው? ከቤቷ ስትወሰድ መጽሐፍ አልያዘችም፤ የያዘችው በእሳት ዳር ከእናቶችና ከአያቶች የሰማችውን ነው። እነዚያ እናቶች ስማቸው አይታወቅም፤ መቃብራቸውም አይታወቅም፤ የሕይወት ታሪክም አልተነበበላቸውም። ነገር ግን ቃላቸው በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ ባሕር ዳር ደርሶ፣ ከዚያም በማተሚያ ቤት አልፎ፣ ለወለጋ ሕፃናት ፊደል መቍጠሪያ ሆኖ ተመለሰ። ስለዚህ የገበሬ ሚስት ሥራ ሲቈጠር ከእጇ ሥራ ጋራ የአፏም ሥራ ሊቈጠር ይገባል። እሽሩሩ ስትል ያለችው፣ ሲመሽ ያወራችው ተረት፣ የተጣሉ ልጆችን ስታስታርቅ የመሰለችው ምሳሌ ከንብረቷ አንዱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም ለይቶ ጠርቷል፤ እምነቱን የተቀበለው በእነርሱ እጅ ነበርና።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመጣለን፤ ይኸውም ታጋሽ ነበረች የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል የማይዝ የእናት ታሪክ አይገኝም። ነገር ግን ትዕግሥት የታገሡት ነገር ካልተጠራ ባዶ ቃል ነው። የታገሠችው ምንድር ነው? የቀበረቻቸውን ሕፃናት ነው? ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰውን ልጅ ነው? የባሏን ቍጣ ነው? ድርቁንና ግብሩን ነው? ይህ ሳይነገር ሲቀር፣ ሰሚው ትዕግሥትን ዝም ማለት አድርጎ ይወስደዋል። በመቃብሩ ዙሪያ የቆሙት ልጃገረዶችም እንዲህ ብለው ይማራሉ፤ አንዲት ሴት ልትመሰገን የምትችለው ምንም ሳትናገር የኖረች እንደ ሆነ ነው። የቀብር ታሪክ ለሞተችው ብቻ የሚነበብ አይደለም፤ ለሚያገቡት ሴቶችና ለሚያገቧቸው ወንዶችም ትምህርት ነው። ስለዚህ ጕዳዩ የአጻጻፍ ውበት ብቻ ሳይሆን የኑሮ ነገር ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ እናቱ ስለ ሞኒካ የጻፈው ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ሞኒካ የሰሜን አፍሪካ ሴት ነበረች፤ በ387 በኦስትያ ከተማ ዐረፈች። ልጇ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በዘጠነኛው ክፍል ሲያመሰግናት የአባቱን ቍጡነት አልሰወረም፤ እርሷም በዚያ ቍጣ ፊት እንዴት እንደ ኖረች በግልጥ ጻፈ። ይልቁንም በልጅነቷ ወይን በስውር መቅመስ ለምዳ እንደ ነበረና አንዲት ገረድ ሰድባት እንዳስተዋት ሳያፍር ነገረን። ይህ ታሪክ ሞኒካን አሳነሳትን? ከብዙ ቅዱሳት ሥዕል ይልቅ ሕያው አደረጋት እንጂ። ጕድለት የሌለበት ምስጋና እንደ ሐውልት ነው፤ ሐውልትን ሰው ያከብረዋል፤ ነገር ግን አይናፍቀውም።

ለማነጻጸር ያህል ሁለት አጻጻፎችን እናቅርብ፤ ሁለቱንም ለምሳሌ እኛው ያዘጋጀናቸው ናቸው እንጂ የታወቀች የአንዲት ሴት ታሪክ አይደሉም። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «እናታችን ትሑት፣ ታጋሽ፣ ሥራ ወዳድና ለድኻ አዛኝ ነበሩ።» ሁለተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «እናታችን ሃያ ክረምት ሙሉ የበቆሎውን ማሳ ከከርከሮ ጠብቀዋል። ሲጠብቁ እንዝርታቸው ከእጃቸው አይለይም ነበር፤ የአምስታችንም ጋቢ ፈትሉ የተፈተለው በዚያ ማማ ላይ ነው። ሰባት ወልደው ሁለቱን በኵፍኝ ቀበሩ፤ የእነርሱንም ስም እስከ እርጅናቸው ድረስ በጸሎታቸው ይጠሩ ነበር። ቍጡ ነበሩ፤ ለዘር የተቀመጠውን የሚነካ ልጅ አይምሩም። ዳሩ ግን ዘር ያለቀበት ጎረቤት ከደጃቸው ባዶ እጁን አልተመለሰም።»

በሁለተኛው ውስጥ ከምግባር ቃላት የተነገረው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቍጡ የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ትጋቷን፣ ኀዘኗን፣ እምነቷንና ቸርነቷን ሁሉ ሰምተናል፤ ስሟንም አውጥተን የሌላዪቱን ልናገባበት አንችልም። ርዝመቱም ቢነበብ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

በዚህ ዐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል መቃወሚያ አለ። አንደኛ፣ የቀብር ሰዓት የኀዘን ሰዓት ነው እንጂ የድርሰት ሰዓት አይደለም የሚል ይኖራል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የኢዮጴ መበለቶችም በኀዘን ላይ ነበሩ፤ ኀዘናቸው ልብሱን ከማሳየት አላገዳቸውም። ሁለተኛ፣ ሥራዋን መቍጠር ሴትን እንደ ጫንቃ ከብት በድካሟ ብቻ መመዘን ነው የሚል ይኖራል። ይህ መቃወሚያ ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ስለ ሆነ ሊታሰብበት ይገባል። በእርግጥ ድካምን ብቻ ማወደስ ድካሙ እንዲቀጥል መፍቀድ ይሆናል፤ ውኃ በእንስራ አንድ ሰዓት መንገድ የተሸከመችው አያት ስትመሰገን፣ የልጅ ልጇም እንዲሁ ትሸከም የሚል ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ ያሻል። ስለዚህ ሸክሙ ሲነገር ሸክምነቱም ይነገር። ደግሞም የመጽሐፈ ምሳሌው ባለቅኔ የሴቲቱን እጅ ብቻ ሳይሆን አፏንም ጠቅሷል፤ በጥበብ እንደምትናገር፣ በሚመጣውም ዘመን ላይ እንደምትሥቅ ነግሮናል። የሣቀችበት፣ የፈረደችበትና እምቢ ያለችበትም ቀን ከሥራዋ ጋራ ይጻፍ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነገሩ ቀላል ነው። አንደኛ፣ የእናትን ታሪክ ለመጻፍ ሞቷን አንጠብቅ፤ በሕይወት ሳለች እንጠይቃት፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፅ መቅዳት ለሁሉ የተቻለ ነገር ነውና፣ አኮ ብሎ የሚጠራት የልጅ ልጅ አንድ ምሽት ከአጠገቧ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በኀዘኑ ቀን የሚጽፈው ልጅ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አብረዋት ውኃ የቀዱትን ጎረቤቶቿን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ምን ትሠራ ነበር፣ ምን ትል ነበር፣ ምን ታግሣ ነበር? ሦስተኛ፣ በምትሰማው ቋንቋ ይነበብ። አራተኛ፣ ወረቀቱ ከኪስ አይጥፋ፤ አንዱ ግልባጭ በቤተ ክርስቲያኗ መዝገብ ይቀመጥ። ከየአጥቢያው እንዲህ ያለ ወረቀት በሃምሳ ዓመት ውስጥ ቢሰበሰብ፣ የወለጋን የእርሻ ቤት ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ከብዙ የቢሮ ደብዳቤ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ገበሬዪቱ እናት ስለ ራሷ ብዙ አትናገርም፤ የሚናገርላት ጎተራው፣ ጓሮውና በእጇ ያደገው ሰው ነው። ጸሓፊው ደግሞ ከመቃብሩ ዳር ቆሞ እነዚህን ለሕዝብ የሚያሳይ ምስክር ነው። ምስክር በፍርድ ፊት ሰውዬው መልካም ነበረ ብሎ ቢያበቃ ዳኛው አይቀበለውም፤ ያየኸውን ተናገር ይለዋል። እኛም በየቀብሩ ወረቀት ይዞ የሚነሣውን ወንድማችንን ከእንግዲህ ወዲህ የምንለምነው ይህንኑ ነው፤ ያየኸውን ተናገር፤ ልብሱን አሳየን።